የጋሽ ወረቀት ሁለት ቁልፎች

ጠዋት ጠዋት፣ ሱቁ ከመከፈቱ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ከግድግዳዬ ማዶ ቁልፍ ይንቀጫቀጫል። ቀጥሎ የብረት በር ይከፈታል። ከዚያ ሁለተኛ ቁልፍ፣ ከዚያ መሳቢያ፣ ከዚያ ሽጉጥ ጥይት ጎርሶ ሲቀባበል የሚያሰማው ደረቅ ድምፅ። ከዚያ ጸጥ። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ወደየቦታው ይመለሳል፤ መሳቢያው ይዘጋል፣ የብረቱ በር ይዘጋል። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው።

እኔ በወዲህ በኩል የስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ። መቁጠር ፈልጌ አይደለም፤ አፌ በራሱ ጊዜ ነው የሚቆጥረው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖርን፤ እሱ ይከፍታል፣ እኔ እቆጥራለሁ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ደግሞ ከካርቶን ብዙም የሚሻል ነገር አይደለም፤ ሲያስነጥሰው "ይማርህ" የምለው ከወንበሬ ሳልነሳ ነው።

ሰውየውን ሁላችንም ጋሽ ወረቀት እንለዋለን። ስሙን ያወጣለት የገዛ ወንድሙ ነው። ጋሽ ወረቀት ከአገር ወጥቶ እዚህ እስኪደርስ ድረስ ሦስት ድንበር ላይ "ወረቀት የለህም" ተብሎ ተመልሷል። አራተኛው ላይ ወረቀት ሰጡት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማኅተም ያለበትን ነገር ይፍራው ይውደደው አይታወቅም። መንግሥት የላከለትን ሁሉ ላስቲክ ውስጥ ከትቶ በአንድ ወፍራም ማህደር ያስቀምጣል። አንዴ የቆሻሻ መኪና የሚመጣበትን ቀን የሚናገር ማስታወቂያ ከመኖሪያ ፈቃዱ ጎን ሰክቶት አይቼ ሳቅ ሊገድለኝ ነበር። "ምን ያስቅሻል? ቢጠይቁኝስ?" አለኝ፣ ኮስተር ብሎ። መንገድ ሲሻገርም ከዜብራው ውጪ እግሩን አያነሳም። መኪና የሚባል ዘር በሌለበት እሑድ ጠዋት እንኳ መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን እንደ ሐውልት ቆሞ ይጠብቃል።

የዚህን አገር ፊደል ማንበብ ግን አይችልም። ዕቃ የሚያውቀው በመልኩ ነው። በመልክ ማወቅ ስላችሁ ደግሞ አትናቁት፤ አንድ ጊዜ አከፋፋዩ አዲስ ሻምፑ በካርቶን አመጣለት። ጋሽ ወረቀት አንዱን ጠርሙስ አውጥቶ ከድሮው ጎን አቆመና ጣቱን ከፊደል ወደ ፊደል እያስኬደ ሲያስተያይ ቆየ። በመጨረሻ "ይቺኛዋ ጅራቷ አጭር ናት" ብሎ ካርቶኑን እንዳለ መለሰ። ፎርጅድ ነበር። አከፋፋዩ፣ ማንበብ የሚችለው ማለቴ ነው፣ ራሱ አላወቀም።

ወንድሙ ሳቂታው ሌላ ፍጥረት ነው። ነበር ልበል እንጂ፤ እስካሁን አፌ እምቢ ይለኛል። አባታቸው ሲሞት የስድስት ዓመት ልጅ ስለነበር አሳዳጊው ጋሽ ወረቀት ነው። እዚህም ያስመጣው፣ የዳረውም እሱ ነው። ጋሽ ወረቀት ዕቃ ያስገባል፣ ይደረድራል፣ ጓዳ ይውላል፤ ሳቂታው ባንኮኒው ላይ ቆሞ ይሸጣል። ቋንቋውን በቅጡ ሳያውቅ ያስቃቸው ነበር። አንድ ሳሙና ሊገዛ የገባ ሰው ሩብ ሰዓት ተጫውቶ ሳሙናውን ረስቶ ይወጣል። ሚስቱ ከሰዓት በኋላ እየመጣች ታግዛለች፤ ጋሽ ወረቀትን "ጋሼ" ነበር የምትለው፣ ሳህኑን ሳታነሳለት አትቀመጥም ነበር።

እኔስ? እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እጅጌ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ከሁሉም ቀድሜ ስለመጣሁና ቋንቋውን ስለማውቅ የመንደራችንን ስደተኛ ሁሉ ፎርም የምሞላው እኔ ነኝ። የማን ትዳር እንደተቃወሰ፣ የማን ዕድሜ በወረቀት እንዳነሰ አውቃለሁ፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ እኖራለሁ። እመኑኝ ብዬ ለምኜ አላውቅም። እነሱ ናቸው ያመኑኝ።

ሱቁ ሁለት ጊዜ ተዘርፏል። መጀመሪያ አንድ ቢላ የያዘ ጎረምሳ ነው፤ እሱስ ከነሱ በላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለተኛው ጊዜ ሦስት ሆነው መጡና የጋሽ ወረቀትን ግንባር በቲማቲም ቆርቆሮ ፈንክተውት ሄዱ። ስድስት ቦታ ተሰፋ። ሐኪሙ የጻፈለት ማስረጃ አሁንም ማህደሩ ውስጥ አለ።

ያን ጊዜ ነው ሳቂታው ሽጉጥ እናውጣ ያለው። በዚህ አገር ባለሱቅ በሕግ ፈቃድ አውጥቶ ራሱን መጠበቂያ መያዝ ይችላል፤ በመንገዳችን ላይም የሌለው የለም ማለት ይቻላል። ማዶ ያለው ሥጋ ሻጭ፣ የአገሩ ተወላጅ ነው፣ ሚዛኑን ገለጥ አድርጎ የራሱን አሳየን። እንደ ቢላ መሳያ እዚያው ሸጉጦታል። "ከዚህ ሌላ የት ላስቀምጠው?" ብሎ ሳቀብን።

ጋሽ ወረቀት ስምንት ወር ተመላለሰ። የጤና ማስረጃ፣ የፖሊስ ማስረጃ፣ የተኩስ ትምህርት። አሠልጣኙ እጁ አለመንቀጥቀጡን አደነቀለት። ሰላሳ ዓመት ስኳር ሲመዝን የኖረ እጅ ምን ቆርጦት ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ የቀረው ዋስ ነበር፤ ቋሚ መኖሪያ ያለው፣ ወንጀል የሌለበት ሰው። ዋሱ እኔ ሆንኩ።

አሁን የምነግራችሁን ለሰው ተናግሬው አላውቅም።

የፈቃዱ ደንብ ሁለት ገጽ ነው። ወንድማማቾቹ ማታ ማታ እኔ ዘንድ ሻይ ይጠጡ ስለነበር ወረቀቱን ይዘው መጡ፤ እኔ እያነበብኩ ወደ እኛ ቋንቋ መለስኩላቸው። የመጀመሪያው ገጽ መሣሪያው ግድግዳ ላይ በተሰካ የብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል ይላል። ጥይቱ ለብቻው፣ በሌላ ቁልፍ በሚዘጋ መሳቢያ። መሣሪያው አላግባብ ቢገኝ ዋሱም አብሮ ይጠየቃል፤ በመንግሥት ቢሮ ያለው ማናቸውም ጉዳይ እስኪጣራ ድረስ ይታገዳል።

እዚህ ላይ ስደርስ ልጄ ትዝ አለችኝ። ልጄን ካየኋት አምስት ዓመት አልፎኝ ነበር። እናቴ ዘንድ ትቻት የመጣሁት የስምንት ዓመት ልጅ ሆና ነው። የመግቢያ ፈቃዷ የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ደርሷል ተብዬ በየቀኑ ፖስታ ሳጥን ስከፍት ነበር የምውለው።

ገጹን ገለበጥኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሦስት መስመር አለ። ፈቃድ ያለው ሰው በሥራ ሰዓት፣ ራሱ ሱቁ ውስጥ እስካለ ድረስ፣ መሣሪያውን ጥይት እንደጎረሰ በወገቡ ወይም እጁ በሚደርስበት ቦታ መያዝ ይችላል ይላል። በዓይኔ ብቻ ሄድኩበት። አስቡት፤ ሽጉጥ ወገቡ ላይ ይዞ የሚውል ሰው አንድ ቀን አንድ ነገር ያደርግ ይሆናል። ተቆልፎ የሚቀመጥ ሽጉጥ ግን ማንንም አይነካም። ማንንም ካልነካ ልጄ ትመጣለች።

"ሌላው የተለመደው ነው። ፈርም" አልኩት።

ሳቂታው ግን አልተዋጠለትም። "ቀን ቀንም ተቆልፎ? እንግዲህ ሌባው ሲመጣ 'ወንድሜ፣ አንዴ ትንሽ ጠብቀን፣ ቁልፍ እየፈለግን ነው' ልንለው ነዋ!" ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። እኔም ሳቅሁ። ዛሬም ትዝ የሚለኝ መሳቄ ነው።

"ሥጋ ሻጩስ?" አለ ሳቂታው።

ጋሽ ወረቀት ብዕሩን አንስቶ "ሥጋ ሻጩ የአገሩ ሰው ነው። እሱ ቢያጠፋ ይቀጡታል። እኛ ብናጠፋ ያባርሩናል" አለና በጥንቃቄ፣ ከመስመሩ ሳይወጣ፣ ፈረመ።

ሳጥኑ ጓዳ ግድግዳው ላይ ተሰካ። የሳጥኑን ቁልፍ በክር አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። የመሳቢያውን ቁልፍ ሁለቱ አንድ ላይ እንዳይሆኑ ብሎ ሰዓት ኪሱ ውስጥ አደረገው። ይህን ወረቀቱም አላዘዘው፣ እኔም አላልኩት፤ ከራሱ የጨመረው ነው። ልጄ ከአራት ወር በኋላ መጣች። ጋሽ ወረቀት አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ አብሮኝ ሄዶ ሻንጣዋን ተሸከመልኝ።

የሆነው ማክሰኞ ቀን ነው፣ ከምሳ በኋላ። ፀሐይ መንገዱ ላይ ቦግ ብላለች፣ ሥጋ ሻጩ በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን ይጎረጉራል። ሁለት ሰዎች የሞተር ሄልሜት እንዳጠለቁ ሱቁ ገቡ። እኔ የስፌት መኪናዬን እያስኬድኩ ነበር። ሳቂታው በእኛ ቋንቋ "ጋሼ!" ሲል ሰማሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። እግሬን ከመርገጫው አነሳሁ። ከግድግዳው ማዶ፣ ከጓዳው፣ ቁልፍ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። የብረቱ በር ተከፈተ። ሁለተኛው ቁልፍ መሬት ላይ ወደቀ፤ ሲወድቅ ያሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ከፊት በኩል ተኩስ ተሰማ።

ስደርስ ሌቦቹ ሄደዋል። ጋሽ ወረቀት መሬት ላይ ተቀምጦ የወንድሙን ራስ ታቅፏል። ሽጉጡ የለም። ያን ሁሉ ደክሞ ካወጣው በኋላ፣ ባዶ ሱቅ ሲያይ፣ ወንድሙ ወድቆ ሳለ፣ ተመልሶ ጥይቱን አውጥቶ፣ ሁለቱንም ቆልፎ፣ አንዱን ቁልፍ አንገቱ ላይ፣ ሌላውን ሰዓት ኪሱ ውስጥ አድርጎ ነው የተቀመጠው። ደንቡ እንደዚያ ስለሚል። እኔ ደንቡ እንደዚያ ይላል ስላልኩት።

ፖሊሶቹ ካሜራውን ከፍተው ቆጠሩ። ድምፅ የለውም። ሳቂታው እጁን ወደ ላይ አድርጎ፣ ፈገግ እንዳለ፣ የሆነ ነገር ሲናገር ይታያል። ሰዎቹ ገብተው እስኪወጡ አሥራ አራት ሰከንድ። ጋሽ ወረቀት ሽጉጥ ይዞ ከጓዳ ብቅ እስኪል አሥራ ዘጠኝ። መኮንኑ ሳጥኑን መረመረና "መሣሪያው በደንቡ መሠረት ተጠብቆ ተገኝቷል" ብሎ ጻፈለት። ያንንም ወረቀት ላስቲክ ውስጥ ከተተው።

ሌቦቹ አልተያዙም። ከአርባ ቀን በኋላ ሱቁ ተከፈተ፤ ባንኮኒው ላይ የቆመችው የሳቂታው ሚስት ናት። ጋሼ ማለቷን ተወች። "ሳሙና አልቋል"፣ "በሩን ዝጋው" ትለዋለች፣ በቃ። አንድ ቀን ቀሚስ ልታሳጥር መጥታ ወገቧን ስለካት፣ መስታወቱን እያየች "እትዬ፣ ባሌን የገደለው ሌባ አይደለም። ቁልፍ ፍለጋ ነው" አለችኝ። "ሰው ወንድሙ ሲጠራው ቁልፍ ይፈልጋል? ፈሪ ነው። ፈርቶ ነው እዚያ የተደበቀው።" እኔ አፌ ውስጥ መርፌ ነበር፤ እንደያዝኩት ዝም አልኩ። መርፌው ባይኖር ኖሮ እናገር ነበር ብዬ ራሴን አታልዬ አውቃለሁ።

ከዚያ ነው የጠዋቱ ነገር የተጀመረው። ቁልፍ፣ በር፣ ቁልፍ፣ መሳቢያ። መጀመሪያ አሥራ ዘጠኝ። በሦስተኛው ወር አሥራ ስድስት። ጠዋት በር ላይ ስንገናኝ እንደ ሰላምታ "ዛሬ አሥራ አራት ገባ" ይለኛል። ፊቱ ግን ደስታ የለበትም። አንድ ጊዜ "ምን ይሠራልሃል ጋሼ? ተው እንጂ" ብለው፣ ጣቶቹን ዘርግቶ አሳየኝ። ጫፎቻቸው በብረቱ ተላልጠዋል። "እነዚህ ናቸው" አለኝ። "ስኳር ስመዝን አንድ ግራም የማይስቱ ጣቶች፣ ያን ቀን ቁልፍ ጣሉ። አምስት ሰከንድ እኮ ነው እህቴ። አምስት።" ከዚያ እንደገና ገባ። እንዲህ እያለ ወንድሙ በየማለዳው አምስት ስድስት ጊዜ እንደ አዲስ ይሞታል፣ ጋሽ ወረቀት ሳይደርስለት።

ሽጉጡ ወገቡ ላይ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር አላውቅም። ምናልባት ሁለት ሬሳ እናነሳ ነበር። ይህን ለራሴ ብዙ ቀን ነግሬዋለሁ፤ ብዙም አልሠራልኝም። ሳቂታው የመታወቂያ ፎቶ ሊነሳበት፣ እጅጌውን አሳጥሪልኝ ብሎ ሰኞ ዕለት የሰጠኝ ኮት ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ከቀብሩ በኋላ አሳጠርኩት። ማን እንደሚወስደው ሳላውቅ ገበሩን ሁሉ በእጅ ሰፋሁት። ደንበኛ ሲጠይቀኝ "የሰው ነው" እላለሁ።

ሳቂታው ከሞተ ሁለት ዓመት ሲሞላው የፈቃድ ማደሻው ወረቀት መጣ። ጋሽ ወረቀት በምሳ ሰዓት ማህደሩን አቅፎ ገባና የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። የጠዋት ልምምዱ ያን ጊዜ ስምንት ሰከንድ ደርሶ ነበር።

"አንብቢልኝ" አለኝ። "ከመጀመሪያው፣ አንድም ሳታስቀሪ። ምናልባት የረሳሁት ነገር ካለ።"

የመጀመሪያውን ገጽ ጀመርኩ። ከእኔ ቀድሞ በቃሉ ይወጣዋል፤ የብረት ሳጥን፣ ሌላ ቁልፍ፣ ለብቻው። ገጹ አለቀ። ልገልብጠው? አልገልብጠው? ከጓዳ ልጄ የትምህርት ቤት ትምህርቷን ጮክ ብላ ታጠናለች። አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ማንም አያባርራትም። ገለበጥኩት። ሦስቱን መስመር አነበብኩለት፤ ጥርት አድርጌ፣ እስከ ነጥቡ።

ጋሽ ወረቀት "ይሄ አዲስ የገባ ነው?" አለኝ።

የውሸቱን በር እሱ ራሱ ከፈተልኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ "አዎ፣ አዲስ የገባ ነው" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ማህደሩን ከፈተ። ከላስቲክ ላስቲክ እየገለጠ፣ የቆሻሻ መኪናውን፣ የስድስቱን ስፌት፣ የመኮንኑን ወረቀት አልፎ፣ የድሮውን ደንብ አወጣና ከአዲሱ ጎን አነጠፈው። ሁለቱንም ገለበጠ። የግራና የቀኝ ሌባ ጣቱን ሁለቱ ወረቀቶች ላይ አሳርፎ፣ ከፊደል ወደ ፊደል፣ እኩል እኩል ማስኬድ ጀመረ። አንደኛው መስመር አለቀ። ሁለተኛው። ሦስተኛው መጨረሻ ላይ ሁለቱም ጣቶች በአንድ ጊዜ ቆሙ።

"አንድ ናቸው" አለ። "ጅራታቸው እንኳ አይለይም።"

"አላየሽውም ነበር?" አለኝ። ድምፁ ቁጣ የለበትም። አየዋለሁ፣ አላየሁትም እንድለው እየለመነኝ ነው።

"አይቼው ነበር፣ ጋሼ" አልኩት። "አይቼ ነው የዘለልኩት። የልጄ ፋይል ነበር፤ ፈራሁ።"

ወደ ጓዳው በር ተመለከተ። ልጄ አሁንም ታጠናለች። ሻንጣዋን የተሸከመላት ቀን ትዝ ሳይለው አልቀረም። የተላላጡትን ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ረጅም ጊዜ አያቸው።

"እኔ እኮ እነዚህን ነበር የምረግመው" አለ። ተነሣና ወጣ። ያ ሰውዬ፣ የቆሻሻ ማስታወቂያ የማይጥለው ሰውዬ፣ ሁለቱንም ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ትቷቸው ሄደ። እየጠራሁት ደጅ ድረስ ወጣሁ። ዞር አላለም። መብራቱ ቀይ ነበር፤ ከዜብራው ውጪ፣ በመኪኖቹ መካከል፣ መንገዱን ተሻገረ።

በማግስቱ ጠዋት ከግድግዳው ማዶ ምንም አልተሰማም። እኔ ግን መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በሳምንቱ ሁለት መኮንኖች መጥተው ፈቃዱ ስላልታደሰ ሽጉጡን ይዘው ሄዱ። ሁለቱን ቁልፎች አውጥቶ ሰጣቸው፤ ደረሰኝ እንኳ አልጠየቀም።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ በግድግዳው በኩል የሁለት ሰው ድምፅ ሰማሁ። እሱ ይናገራል፣ እሷ ትጠይቃለች። ምን እንደሚሉ አልለይም፤ ለመለየትም ጆሮዬን አላስጠጋሁም። ከዚያ ለቅሶ ተሰማ፣ የእሷ ይሁን የእሱ አላወቅሁም። ቆይቶ አንድ ቃል ብቻ ጥርት ብሎ መጣልኝ። "ጋሼ" አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአፏ ያልወጣ ቃል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም አለኝ፤ ከወንበሬ ግን መነሣት አቃተኝ።

ብዙ ሳይቆይ በሬ ተከፈተ። የሳቂታው ሚስት ናት። ዓይኖቿ አብጠዋል፣ ፀጉሯን ግን በደንብ አስራዋለች። እትዬ አላለችኝም።

"ኮቱን ስጪኝ" አለች።

አወረድኩት። አቧራውን ላራግፍለት ስል ከእጄ ወሰደችው። እጅጌውን ገልብጣ ስፌቱን አየች፣ ገበሩን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ንጹሕ ሥራ ነው፤ በሕይወቴ እንደዚያ ሰፍቼ አላውቅም። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች አየች። ከዚያን ቀን ወዲህ አላነሳኋቸውም፤ ጨርቅ የምቆርጠው ወለሉ ላይ ነበር።

"የቱ ነው?" አለችኝ።

በጣቴ አሳየኋት።

"አንብቢው። በእኛ ቋንቋ፤ ያን ማታ ለጋሼ ማንበብ በነበረብሽ ቋንቋ።"

"እባክሽን" አልኳት።

"አንብቢው።"

ፊቷን ወደ ግድግዳ ሰዓቴ አዞረች። አነበብኩ። ፈቃድ ያለው ሰው በሥራ ሰዓት፣ ራሱ ሱቁ ውስጥ እስካለ ድረስ፣ መሣሪያውን ጥይት እንደጎረሰ በወገቡ ወይም እጁ በሚደርስበት ቦታ መያዝ ይችላል።

"ዘጠኝ ሰከንድ" አለች፣ ዓይኗን ከሰዓቱ ሳታነሳ። "ዘጠኝ ሰከንድ ነው የፈጀብሽ።"

ኮቱን ክንዷ ላይ አጥፋ ወጣች። በሩን እንኳ አልወረወረችውም፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

ልጄ መጽሐፏን እንደያዘች ከጓዳ ብቅ አለች። "እማዬ፣ ማን ነበረች? ምን ሆነሽ ነው?" አለችኝ።

"ምንም አልሆንኩም" አልኳት። "ኮት ልትወስድ ነው የመጣችው።"

ሌላውን አልነገርኳትም።